መድኃኒቱ ሲያንስ ተራው የማን ነው?

ሐኪም ሲመረቅ የሚምለው በፊቱ ለሚቀመጠው ለአንዱ በሽተኛ ነው። ያን ሰው እንደ ዕውቀቱ ሊረዳ፣ ጉዳት ላያደርስበት፣ ምሥጢሩንም ላያወጣበት ይምላል። ይህ መሐላ በጥንቱ የግሪክ ሐኪም በሂፖክራጥስ ስም ሲጠራ ከሁለት ሺ ዓመት በላይ ኖሯል። መንግሥት ግን ቃል የሚገባው ለአንድ ሰው አይደለም፤ ለሕዝብ ሁሉ ነው። የሕክምናውን ዋጋ በሽተኛው ራሱ በሚከፍልበት ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሐኪሙና በሽተኛው ብቻ ናቸው። መንግሥት መክፈል ከጀመረበት ዕለት ወዲህ ግን ሦስተኛ ሰው አብሮ ይቀመጣል። እርሱም የማይታየው በሽተኛ ነው፤ ከበር ውጭ ተራውን የሚጠብቀው፣ ምናልባትም በሩቅ ገጠር የሚኖረውና ሆስፒታሉን እንኳ አይቶት የማያውቀው ሰው።

ስለ ሕክምና ግብረ ገብነት ሲነሣ ነገሩ ብዙ ጊዜ ለሐኪሞች ብቻ የተተወ ይመስላል። ሐኪም በሽተኛውን እንዳያመናጭቅ፣ መማለጃ እንዳይቀበል፣ ሥራውን እንዳያጓድል ይመከራል፤ ይህም ተገቢ ምክር ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት የምንወደው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ሕክምና በሕዝብ ገንዘብ በሚሰጥበት አገር ሁሉ የሐኪሙ ግብረ ገብነት ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ፣ ወደ መድኃኒቱ ግምጃ ቤት፣ ወደ በጀት ክፍሉም ጭምር የሚዘልቅ መሆኑን ነው። መዝገብና ማኅተም የያዘ ወጣት ሹም፣ ነጭ ካባ ባይለብስም፣ ማን እንደሚታከምና ማን እንደሚቀር ከሚወስኑት አንዱ ነው።

ይህንን ለማስረዳት ከብዙዎቹ በሽታዎች አንዱን፣ የኩላሊትን በሽታ መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት መድኃኒቱ ታውቆ ሳለ ለሁሉ የማይበቃ በመሆኑ ጥያቄውን ያለ ሽፋን ስለሚያሳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ሰባቱ ዳኞች

ኩላሊት ደምን የሚያጣራ ብልት ነው። ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራቸውን ፈጽመው ሲያቆሙ መርዙ በሰውነት ውስጥ ይከማችና በሽተኛው ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ደሙን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ አጥቦ የሚመልሰውን መኪና ቪለም ኮልፍ የተባለ የሆላንድ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሠርቶት ነበር። ነገር ግን በሽተኛው በታጠበ ቁጥር የደም ሥሩ ይበላሽ ስለ ነበር መኪናው ለጥቂት ጊዜ እንጂ ለዘለቄታው የሚጠቅም አልሆነም። በ1960 ግን በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቤልዲንግ ስክሪብነር ከክንድ ጋር ተያይዞ የሚቆይ፣ ከቴፍሎን የተሠራ ቀጭን ቧንቧ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ኩላሊቱ የሞተበት ሰው በየሳምንቱ እየታጠበ ለዓመታት መኖር ቻለ።

ደስታው ሳይበርድ ጭንቀቱ ተከተለ። መኪናው ጥቂት ነው፤ ወጪው ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ነው፤ በሽተኛው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ በ1962 የኩላሊት ማጠቢያ ጣቢያው በሲያትል ሲከፈት ማን ገብቶ እንደሚታጠብ፣ ማንስ እንደሚቀር የሚወስኑ ሰባት ሰዎች ተመረጡ። እነርሱም አንድ ጠበቃ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ የባንክ ሰው፣ አንዲት የቤት እመቤት፣ አንድ የመንግሥት ሹም፣ አንድ የሠራተኞች ማኅበር መሪና አንድ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ነበሩ። ስማቸው ለሕዝብ አልተገለጠም። ሐኪሞቹ አስቀድመው ሕክምናው ይበጀዋል ያሉትን በሽተኛ መዝገብ ያቀርቡላቸዋል፤ እነርሱ ደግሞ ዕድሜውን፣ ትዳሩን፣ የልጆቹን ብዛት፣ ሀብቱን፣ ትምህርቱን፣ ሥራውን፣ ቤተ ክርስቲያን መሳሙን ሳይቀር ይመረምራሉ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሻና አሌክሳንደር የተባለች ጋዜጠኛ ይህንን ላይፍ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣችው ጊዜ አንባቢው ሁሉ ደነገጠ።

እነዚያ ሰባት ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ለማለት አንደፍርም። መኪናው እንዲበዛ ማድረግ በእጃቸው አልነበረም፤ አንድ ሰው መምረጥም ግድ ነበር። ነገር ግን የፈረዱት በበሽታው ላይ ሳይሆን በሰውየው ዋጋ ላይ ነው። ባለ ትዳሩ ከብቸኛው፣ የተማረው ካልተማረው፣ ሥራው የተሳካለት ሥራ ከፈታው ይልቅ መኖር ይገባዋል ወደሚል ሐሳብ ማዘንበላቸው የማይቀር ነበር። ሰው ደግሞ ባሕርዩ ሆኖ ራሱን ለሚመስለው ያደላል። ከሰባቱ አንዱንም የማይመስል በሽተኛ በዚያ ሸንጎ ፊት ማን ይቆምለት ነበር?

በአሜሪካ የዚህ ነገር መጨረሻ የመጣው ከምክር ቤት ነው። በ1971 አንድ በሽተኛ የኩላሊት ማጠቢያውን መኪና ይዞ በሕዝብ እንደራሴዎች ኮሚቴ ፊት ቀረበና እየታጠበ ታየ። በሚቀጥለውም ዓመት፣ በ1972፣ ኩላሊቱ ለሞተበት ሰው ሁሉ ለማለት እስኪቻል ድረስ፣ በዕድሜ ሳይለይ ወጪውን መንግሥት እንዲከፍል ሕግ ወጣ፤ በ1973ም በሥራ ላይ ዋለ። በዛሬው ጊዜ በዚያ አገር ከ500,000 በላይ ሰዎች ደማቸው እየታጠበ ይኖራሉ። ሰባቱ ዳኞች አያስፈልጉም።

ታዲያ ጥያቄው ተፈታ ማለት ነውን? ለኩላሊት በሽተኛ አዎን። በሌላ ከባድ በሽታ ለተያዘው ለጎረቤቱ ግን እንዲህ ያለ ሰፊ በር አልተከፈተለትም። ለአንደኛው የተከፈተው ካዝና ለሁለተኛው ለምን እንደ ተዘጋ የሚያስረዳ የሕክምና ምክንያት አይገኝም። ባለጠጋ አገር እንኳ ለአንዱ በሽታ ያለ ልክ ሲከፍል ምርጫውን ወደ ሌላ በሽታ አሻገረው እንጂ አላስቀረውም።

በሾላ በድፍን

ምርጫ የማይቀር ከሆነ በዝምታ ቢደረግ አይሻልምን የሚል ይኖር ይሆናል። የዝምታውን መንገድ እንግሊዝ ሞክራው ስለ ነበር ወደዚያ እንሻገር።

በእንግሊዝ አገር ሐምሌ 5 ቀን 1948 የሕዝብ ጤና አገልግሎት ተቋቋመ። የጤና ሚኒስትሩ አኑሪን ቤቫን የመሠረተው ሥርዓት ማንኛውም ሰው፣ ድኃም ሆነ ባለጠጋ፣ ከመንግሥት ካዝና በሚወጣ ገንዘብ ያለ ክፍያ እንዲታከም ያደረገ ነው። ገንዘቡ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አልበቃም። በ1951 መንግሥት ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ሕዝቡ በከፊል ይክፈል ባለ ጊዜ ቤቫን በዚህ አልስማማም ብሎ ከሚኒስትርነቱ ወጣ።

የመነጽሩ ነገር በአደባባይ ተከራክረውበታል። የኩላሊቱ ግን እንደዚያ አልነበረም። ሄንሪ አሮን የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅና ዊልያም ሽዋርትዝ የተባለ ሐኪም፣ ሁለቱም አሜሪካውያን፣ ነገሩን መርምረው በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ በዕድሜው ገፋ ያለ እንግሊዛዊ ኩላሊቱ ሲሞትበት ወደ ማጠቢያው የሚላከው አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። እንዲህ የሚያዝ ሕግ ግን አልነበረም። የሰፈሩ ሐኪም ቦታ እንደማይገኝ ያውቃል፤ ስለዚህ ለበሽተኛው የሚነግረው ቦታ የለም ብሎ ሳይሆን የሚደረግ ነገር የለም ብሎ ነው። ሽማግሌውም ሐኪሙን አመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኛ እንደሚመስለን ከሰባቱ ዳኞች ፍርድ ይልቅ የከፋው ይህ ነው። ሰባቱ ዳኞች ቢያንስ መፍረዳቸውን ያውቁ ነበር፤ ነገሩም ሲገለጥ ሕዝብ ሊቈጣበት፣ ምክር ቤትም ሊያርመው ችሏል። በዝምታ የተደረገው ግን የገንዘብን ማነስ የተፈጥሮ ሕግ አስመሰለው። ለሚሞተው ሰው ዕውነቱ አልተነገረውም፤ ስለዚህ ሊሟገትም፣ ልጆቹን ሰብስቦ ሊመክርም፣ ከሌላ ቦታ ሊፈልግም አልቻለም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረታችን ለበሽተኛ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም ይሆናል። እጥረቱን የሸሸገ መሥሪያ ቤት ለእጥረቱ በጀት ሊጠይቅለት አይችልም።

እንግሊዞችም ኋላ ይህንን ሳይረዱት አልቀሩም። በ1999 የየመድኃኒቱንና የየሕክምናውን ጥቅም ከዋጋው ጋር እየመዘነ፣ የትኛው በመንግሥት ገንዘብ እንደሚሰጥ ከነምክንያቱ የሚያሳትም መሥሪያ ቤት አቋቁመዋል። በውሳኔው ብዙ ሰው ይከራከራል፤ ይሁን እንጂ ክርክሩ በተጻፈ ነገር ላይ የሚደረግ ክርክር ነው።

የደርባኑ ፍርድ

ሁለቱ አገሮች ባለጠጎች ናቸውና ለእኛ ለአፍሪካውያን ይበልጥ የሚቀርበን ምሳሌ ከደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ነው።

በ1997 በደርባን ከተማ አንድ የ41 ዓመት ሰው፣ ሥራ የሌለው፣ የስኳርና የልብ በሽታ ያለበት፣ ኩላሊቶቹም የሞቱበት፣ በመንግሥት ሆስፒታል ደሙ እንዲታጠብለት ለመነ። በግሉ ሲታጠብ ቆይቶ ገንዘቡ አልቆ ነበር። ሆስፒታሉ መኪናዎቹ ለሁሉ ስለማይበቁ ቀደም ብሎ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ይኸውም ዘወትር የሚታጠቡት ሌላ ኩላሊት ሊተከልላቸው የሚችሉት ብቻ እንዲሆኑ ነው። የዚህ ሰው ልብ ግን ንቅለ ተከላውን አይችልም ተባለ። ሰውየውም የአገሩ ሕገ መንግሥት አስቸኳይ ሕክምና ማንም አይከለከልም ይላልና መብቴን ስጡኝ ብሎ እስከ ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ድረስ ደረሰ።

በኅዳር 1997 ዳኞቹ ፈረዱበት። የዘወትር እጥበት ድንገተኛ አደጋ አይደለም፤ ደንቡ ለሁሉ እኩል የሚሠራ፣ በሕክምና ምክንያት የቆመና በቅን ልቡና የተፈጸመ ነው፤ ለእርሱ ቢፈቀድ እርሱን ለመሰሉት ሁሉ መፍቀድ ግድ ይሆናል፤ ለዚያም ገንዘብ የለም አሉ። ሰውየውም ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሞተ።

ይህንን ፍርድ ያነበበ ሰው ሁሉ ያዝናል። ዳኞቹም በደስታ አልፈረዱትም። ሆኖም ከሲያትሉና ከእንግሊዙ የሚለይበትን ነገር ማስተዋል ይገባል። ማንም ይህ ሰው ዋጋው አነስተኛ ነው አላለም። ማንም የሚደረግልህ ሕክምና በዓለም ላይ የለም ብሎ አላታለለውም። ደንቡ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ምክንያቱ ተነግሮታል፤ ከፍ ወዳለ ዳኛ ይግባኝ ለማለትም በር አልተዘጋበትም። አንድ ድኃ ሰው መንግሥቱን ከሶ በአገሩ ትልቅ ፍርድ ቤት ፊት ለምን ብሎ ጠይቆ መልስ አግኝቷል። መልሱ መራራ ቢሆንም መልስ ነው።

ደግሞም ያው ፍርድ ቤት ለመንግሥት ሁልጊዜ የሚያደላ አለመሆኑን ከአምስት ዓመት በኋላ አሳይቷል። መንግሥት የኤድስ በሽታ ከእናት ወደ ሕፃን እንዳይተላለፍ የሚያግደውን ኔቪራፒን የተባለውን መድኃኒት በየክፍለ ሀገሩ በጥቂት የሙከራ ሆስፒታሎች ብቻ ወስኖት ነበር። መድኃኒቱን የሚሠራው ኩባንያ ግን ለተወሰኑ ዓመታት በነፃ ልስጥ ብሎ ነበር። በሐምሌ 2002 ዳኞቹ ይህ ገደብ ምክንያታዊ አይደለምና መድኃኒቱ በሌሎቹም የመንግሥት ሆስፒታሎች ይሰጥ ብለው አዘዙ። እንግዲህ ገንዘብ የለም የሚለው ቃል ሲመረመር የሚጸናበት ጊዜ አለ፤ ሲመረመር የሚፈርስበትም ጊዜ አለ። ዋናው መመርመሩ ነው።

የቀበሌው ማኅተም

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኩላሊት እጥበት በአገራችን በመንግሥትም በግልም ሆስፒታሎች ይሰጣል፤ በ2015ም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ይሁን እንጂ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚደረገው የእጥበት ወጪ ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። የበሽተኛውን ፎቶግራፍ ለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ ወገን ድረሱልኝ እያለ በየመንገዱ የሚዞረውን መኪና ያላየ የከተማ ሰው የለም። የሕዝቡ ርኅራኄ የሚያስመሰግን ነው። ግን ይህም ራሱ አንድ ዓይነት ምርጫ መሆኑን አንርሳ፤ ዘመድ የበዛለት፣ ፎቶግራፉ የሚያሳዝነው ይረዳል፤ ዘመድ የሌለው ይቀራል። ሰባቱ ዳኞች በየመንገዱ ተበትነው ተቀምጠዋል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ታዲያ መንግሥት ለሁሉ ይክፈል ብንል ያ የማይታየው በሽተኛ ይነሣብናል። መንግሥት ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አሠልጥኖ ወደየገጠሩ ቀበሌ ሲልክ፣ ለክትባት፣ ለእናቶች ወሊድ፣ ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ክፍያ አይጠየቅ ሲል፣ በ2005ም የኤድስን ማስታገሻ መድኃኒት በነፃ መስጠት ሲጀምር፣ የመረጠው ነገር ነበር። ባነሰ ገንዘብ ብዙ ነፍስ የሚተርፍበትን አስቀደመ። እኛ ይህ ምርጫ ትክክል ነው እንላለን። ነገር ግን ትክክል መሆኑ ለኩላሊት በሽተኛው ቤተሰብ ምክንያቱን ከመናገር ግዴታ አያድነንም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የወጣቱ ሹም ጉዳይ ነው። በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አሠራሩ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት መዋጮውን ይከፍላል፣ የታመመው ከተዋጣው ይታከማል። መክፈል የማይችለውን የድኃ ድኃ መዋጮ መንግሥት ይከፍልለታል። እንግዲህ የድኃ ድኃ ማን ነው? ይህንን ሐኪም አይወስነውም። የሚወሰነው በቀበሌ ነው፤ የሚጻፈውም በዝርዝር ወረቀት ላይ ነው። ስም ዝርዝሩን የሚይዘው ሰው ምናልባት የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በዚያ ወረቀት ላይ ሳትጻፍ ብትቀር፣ ሁለት ዓመት ቈይታ በሆስፒታል በር ላይ የምትሰማው የለሽም የሚለው ቃል የተነገረው ያን ዕለት በቀበሌው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ወጣቱ ጸሐፊ ዝርዝሩን ሲይዝ ዝምድናን ቢያይ ከሲያትሉ ሸንጎ የከፋ ይሆናል፤ እነዚያ የማያውቋቸውን ሰዎች መዝገብ ነበር የሚመረምሩት። ባለጉዳይዋን ነገ ነዪ እያለ ቢያመላልሳት ደግሞ የእንግሊዙን ዝምታ ይደግማል። የመድኃኒት ግምጃ ቤቱ ጠባቂም እንደዚሁ ነው። ጊዜው እስኪያልፍበት ድረስ መደርደሪያ ላይ የቀረ መድኃኒት ከአንድ በሽተኛ እጅ እንደ ተነጠቀ ይቈጠራል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፤ ምርጫ ሲደረግ የሚመዘነው ሕመሙና የሕክምናው ጥቅም እንጂ የሰውየው ማዕረግ አይሁን። ሁለተኛ፤ ደንቡ አስቀድሞ ይውጣ፤ በሽተኛው ከመምጣቱ በፊት፣ ስሙ ከመታወቁ በፊት። በሩ ላይም ይለጠፍ። ሦስተኛ፤ ለሚከለከለው ሰው ዕውነቱ ከነምክንያቱ ይነገረው፤ ይግባኝ የሚልበትም ቦታ ይታወቅ። አራተኛ፤ ሐኪሙን የካዝና ዘበኛ አናድርገው። ደንቡን ያወጣው ሌላ ይሁን፤ ሐኪሙ ግን በመሐላው ጸንቶ ለፊተኛው በሽተኛው ይሟገት። አልጋ ስጡኝ፣ መድኃኒት አምጡልኝ እያለ አለቆቹን የሚያስቸግር ሐኪም መሥሪያ ቤቱን የሚያውክ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን እርሱ ዝም ካለ እጥረቱን የሚናገር አይኖርም።

አምስተኛው ለመንግሥታት ነው። በ2001 የአፍሪካ መሪዎች በአቡጃ ተሰብስበው ከበጀታቸው ቢያንስ ከመቶ 15 እጁን ለጤና ሊያውሉ ቃል ገብተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህንን ቃል የፈጸሙት አገሮች ጥቂቶች ናቸው። ገንዘብ የለም የሚለው መልስ በሚገባ የሚከበረው የገቡትን ቃል ለመፈጸም ከጣሩ በኋላ ነው።

ለሁሉ የሚበቃ መድኃኒት ያለው አገር እስከ ዛሬ አልታየም፤ ወደ ፊትም ቶሎ የሚታይ አይመስለንም። አንድ ሕዝብ በሕክምናው ሥርዓት ሊመካ የሚችለው ያጣውም ሰው በምን ምክንያት እንዳጣ ሲያውቅና ምክንያቱ ለሌላውም ያው መሆኑን ሲያምን ነው። ይህንን እምነት የሚሠራው ሐኪሙ ብቻ አይደለም። በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤት ወጥታችሁ በየወረዳው፣ በየሆስፒታሉ ቢሮ፣ በየበጀት ክፍሉ የምትቀመጡ ወጣቶች ሁሉ፣ ማኅተሙን ከማሳረፋችሁ በፊት የሚነበብላችሁ መሐላ የለም። ስለዚህ ራሳችሁ አንብቡት።